የቼክዲስክ ሪፖርት የት ገባ? ስንፈልገው የምንሠራቸው ስህተቶች

መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ታበሩታላችሁ። ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ጥቁር ስክሪን ላይ፣ ቼክዲስክ በሚባለው የዲስክ መፈተሻው፣ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ፐርሰንቱ ሲያዘግም ቡና ልታፈሉ ትነሳላችሁ። ስትመለሱ ዴስክቶፑ ተከፍቷል፤ ያ ሁሉ ጽሑፍ የለም። ዲስኩ ደህና ነው ወይስ ሊሞት ነው?

እንደገና ማስፈተሽ። ውጤቱ አመለጠኝ ብሎ ሁለተኛ ዙር መጀመር አያስፈልግም። ሪፖርቱ ተመዝግቧል። ስታርት ላይ ኢቨንት ቪወር (Event Viewer) ብላችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱት፤ ዊንዶውስ የሚመዘግባቸውን ነገሮች የሚያሳየው ፕሮግራም ነው።

ሲስተም ውስጥ መፈለግ። ነገሩ የዲስክ ስለሆነ ሲስተም የሚለው ሎግ (መዝገብ) ውስጥ ያለ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እዚያው ስዳክር አምሽቻለሁ። ሪፖርቱ ያለው ግን ዊንዶውስ ሎግስ ሥር፣ አፕሊኬሽን ውስጥ ነው።

በቁጥር ብቻ ማጣራት። እያንዳንዱ የሎጉ መስመር ኢቨንት አይዲ የሚባል ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተደረገ ፍተሻ ቁጥሩ 1001 ነው። ችግሩ፣ አንድ ፕሮግራም ተበላሽቶ ሲዘጋም ዊንዶውስ የሚመዘግበው በዚሁ 1001 ነው። ስለዚህ ማን እንደመዘገበው የሚናገረውን ሶርስ የሚለውን እዩ፤ የእናንተው ዊንኢኒት (Wininit) የሚለው ነው። ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ ያስፈተሻችሁት ከሆነ ደግሞ ሶርሱ ቼክዲስክ (Chkdsk) ይላል፤ ቁጥሩም ለስካን 26226፣ እየጠገነ ከሆነ 26214 ነው። በቀኝ በኩል ካለው ፊልተር ሁለቱንም ሶርሶች ብትመርጡ ይቀላል።

ሰዓቱን መሳት። ይሄ የእኛው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተፈተሸው ሎጉ ላይ 8 ፒኤም ተብሎ ነው የሚገኘው። ያረጀ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዝርዝሩን በቀን ከደረደራችሁት ሪፖርቱን ከሥር ተቀብሮ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ማዘግየት። ሎጉ ቦታው ውስን ነው፤ በተለምዶ 20 ሜጋባይት። ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። ሪፖርቱን እንዳገኛችሁ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ አስቀምጡ። ኮምፒውተር ሠሪ ጋ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል።

አንዷን መስመር አይቶ መደሰት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ መጨረሻ አካባቢ በባድ ሴክተር፣ ማለትም በተበላሸ የዲስክ ክፍል፣ የተያዘው ቦታ በኪሎባይት ይጻፋል። 0 ስትሉ ትተነፍሳላችሁ። ቆይ፤ ፍተሻው በምን ታዘዘ? ከቼክዲስክ ትእዛዝ ጋር በሚጻፈው ኤፍ (/f) ብቻ ከሆነ ያየው የፋይሎቹን መዝገብ እንጂ የዲስኩን ገጽ አይደለም። ያ ዜሮ ቀድሞ የተመዘገበ ባድ ሴክተር የለም ማለት ብቻ ነው። ገጹን አንብቦ የሚፈትሸው በአር (/r) ሲታዘዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነና በሚቀጥለው ፍተሻ ከጨመረ፣ ዲስኩን አትመኑት።

ፋይል ሳይገለብጡ መጠገን። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የደከመ ዲስክን በአር ለሰዓታት ማስነበብ የቀረችውን አቅም ሊጨርሳት ይችላል። መጀመሪያ የልጆቹን ፎቶና ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) ከሌላችሁ ደግሞ መብራት በሚያስቸግርበት ሰሞን ጥገናውን ባትጀምሩት ይሻላል።

ሲስተም ሎግን ተዉት አልኩ እንጂ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ግቡበት። ሶርሱ ዲስክ የሆነ ቁጥር 7 ተደጋግሞ ካያችሁ ዊንዶውስ ሊያነበው ያልቻለው ብሎክ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሰነዱም ከፎቶውም የትኛው ይቅደም የሚለውን ወስኑ።