የጅማን የሕዝብ ዘፈን በስልክ ለመቅረጽ፤ ከፊሊፒንሱ ሁድሁድ የምንማረው

በሰሜን ፊሊፒንስ ተራሮች ላይ እርከን ሠርተው ሩዝ የሚያመርቱት ኢፉጋዎች ሁድሁድ የሚባል የዜማ ትረካ አላቸው። ከ200 በላይ ትረካዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 40 ያህል ክፍል ስላለው አንዱን ለመጨረስ ቀናት ይፈጃል። የሚዜመው በዘር፣ በአጨዳና በለቅሶ ሌሊት ነው። ታወርድ የነበረችው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋች ሴት ስትሆን ሌሎቹ ይቀበሏታል። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ሲያውጀው ግን የእጅ አጨዳው እየቀረ፣ የሚያወርዱትም እያረጁ ነበር። ዜማው ከሥራው ጋር የተጣበቀ ስለነበር ሥራው ሲቀር መዜሚያው ጠበበ።

ስለዚህ ጅማ ላይም የደቦ ዘፈን ደቦው ላይ፣ የቡና ለቀማ ዘፈን ቡናው ሥር ይቀረጽ። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚደምቅ ቀጠሮውን አስቀድመው ይያዙ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው፤ ዝናቡ ድምፁን ይውጠዋል። ከተማ ውስጥ ከሆነ ባጃጅ ሳይበዛ በማለዳ ይሻላል።

ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉ። በመቅረጫው ማስተካከያ ውስጥ ቅርጸቱ ዋቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ)፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ይሁን፤ አንድ ሰዓት 350 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉት፤ ካልጠፋ ጭብጨባ በመጣ ቁጥር የዘፋኟ ድምፅ ይሰምጣል። ብቻዋን ለምትዘፍን አንድ ሜትር፣ ለቡድን ሁለት ሜትር ይራቁ። ስልኩ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ የታጠፈ ጋቢ ሥሩ ካልገባ የጠረጴዛው ንዝረት ይቀረጻል። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው በእልልታ ነው፤ የድምፅ መለኪያው ቀይ ከነካ የተሰነጠቀውን ድምፅ ማንም አያቃናውም። እንግዲያው ሙከራውን በንግግር ሳይሆን በእልልታ ያድርጉ።

ሥራው ካበቃ በኋላ፣ በሌላ ቀን ቢሆንም፣ ከአውራጇ ጋር ቁጭ ይበሉ። መጀመሪያ ፈቃዷን በድምፅ ይያዙ፦ ማን ይስማው? የትኛው ለቤተሰብ ብቻ ይቅር? የለቅሶ እንጉርጉሮ ያለ ለቅሶ አላወርድም ካለች አይጫኗት። ከዚያ ሳያቋርጧት ሙሉውን ትዝፈነው፤ ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ማስጻፍ ለሁለተኛው ዙር ይቆይ። ከመጀመሪያው ካስጻፏት ዜማው ይጠፋባታል፣ ስንኙም ያጥራል። መቼ፣ ማን፣ ምን እየሠራ እንደሚዘፍነው፣ ከማን እንደተማረችውም ይጠይቋት።

ሲጽፉ የአውራጅንና የተቀባይን መስመር ይለዩ። አነጋገሯን አያርሙ፤ አማርኛና ኦሮምኛ ሲቀላቀሉ እንደተቀላቀሉ ይቅሩ። ኦሮምኛውን በቁቤ የሚጽፍ ተናጋሪ ያግዝዎ፤ በግምት የተጻፈ ቃል በኋላ እንደ እውነት ይወሰዳል። ቀኑን ሲጽፉ ይጠንቀቁ፦ ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጆች ነው፣ ደብተርዎ ግን በእኛ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተባለ የቀረጻው ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል።

በዚያው ማታ ሦስት ቅጂ ያድርጉ፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ በውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛው ሌላ ቤት። ለዘፋኟም በሚሞሪ ካርድ ይስጧት፤ ለማድመጥ እንዲቀላት ይህኛው በኤምፒ3 ይሁን።