ዲኮደሩ ተቃጠለ ከማለትዎ በፊት፦ በሞዴል ባቡር ፕሮግራም ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሎኮሞቲቩ የፕሮግራም ሐዲዱ (ቅንብሩ የሚነበብበትና የሚጻፍበት የተለየ ሐዲድ) ላይ ተቀምጦ መቆጣጠሪያው «ማንበብ አልተቻለም» ሲል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ዲኮደሩ ላይ፣ ማለትም በሎኮሞቲቩ ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን በሚያዘው ትንሽ ሰርኪት ላይ ያርፋል። በዚህ ችኮላ ምንም ያልሆነ ዲኮደር ተነቅሎ ሌላ ይገዛል፤ ችግሩ ግን እዚያው ይቆያል።

ዋናው ስህተት ዲኮደሩ እንዴት እንደሚመልስ ሳያውቁ መልስ መጠበቅ ነው። ዲሲሲ በሚባለው የሞዴል ባቡር ዲጂታል መቆጣጠሪያ ሥርዓት ዲኮደሩ ትእዛዝ መቀበሉን የሚያሳውቀው የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል ቢያንስ በ60 ሚሊ አምፔር ከፍ በማድረግ ነው። ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ይጠቀማል፤ በንባብ ጊዜ ሎኮሞቲቩ ትንሽ ንቅንቅ ሲል የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብርቱካናማው ወይም ግራጫው የሞተር ሽቦ ከላላ ጤነኛ ዲኮደርም ዝም ይላል። መንኮራኩሩና ሐዲዱ ከቆሸሹም እንዲሁ ነው፤ ከሁሉ አስቀድመው ሁለቱንም በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ኃይል ሲቋረጥ ሎኮሞቲቩ እንዳይቆም የሚገጠመው ካፓሲተርም ይህን አጭር ምልክት ሊሸፍነው ስለሚችል ለጊዜው ይንቀሉት። ንባቡ ስላልተሳካ አዲሱ ቁጥር አልተጻፈም ብለው አይደምድሙ። የጻፉት አዲስ አድራሻ (ሎኮሞቲቩ የሚጠራበት ቁጥር) ከሆነ በእሱ ጠርተው ይንዱት፤ ብዙ ጊዜ ይሄዳል።

ሌላው ስህተት በፕሮግራም ሐዲዱ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ መተው ነው። እዚያ የሚላከው ትእዛዝ አድራሻ ስለሌለው ሐዲዱን የነካ ዲኮደር ሁሉ ይቀበለዋል፤ ሁለቱም አንድ አድራሻ ይዘው ይወጣሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሲቪ 29 ነው፤ ሲቪ ማለት በዲኮደሩ ውስጥ ቅንብር የሚጻፍበት ባለ ቁጥር ቦታ ነው። በሲቪ 29 የሚጻፈው ቁጥር የበርካታ ምርጫዎች ድምር ስለሆነ አንዱን ሲቀይሩ ሌሎቹን አብረው መደመር አለብዎት። ሎኮሞቲቩን 1234 በሚል ረጅም አድራሻ መጥራት ይፈልጋሉ እንበል። ሲቪ 17 ላይ 196፣ ሲቪ 18 ላይ 210 ይጻፋል፤ ረጅሙን አድራሻ የሚያስነሳው ደግሞ በሲቪ 29 ውስጥ ያለው 32 ነው። 32 ብቻ ከጻፉ ግን ለ28 የፍጥነት ደረጃዎች የሚያስፈልገውን 2 አጥፍተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር የፊት መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። አምፖሉን አይንኩት። 2 እና በተለመደው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያስነዳው 4 ተደምረው 38 ይጻፉ። አቅጣጫው ከተገለበጠ 1 ጨምረው 39 ያድርጉት።

መብራቱና ድምፁ እየታዘዙ ሎኮሞቲቩ አልንቀሳቀስ ካለ ሲቪ 19ን ይመልከቱ። ከሌላ ሎኮሞቲቭ ጋር ተጣምሮ ሲነዳ የተሰጠው ቁጥር እዚያ ከቀረ በራሱ አድራሻ የሚላክለትን የፍጥነት ትእዛዝ አይቀበልም። 0 ይጻፉበት።

መላ ሲጠፋ ዲኮደሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ተገቢ ነው። በብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 መጻፍ ይበቃል፤ የእርስዎ ዲኮደር ሌላ ቁጥር እንዳለው ለማወቅ ግን መመሪያውን ያንብቡ። ከዚያ በኋላ ሎኮሞቲቩን በቀድሞ አድራሻው መፈለግ ድካም ነው፤ አድራሻው ወደ 3 ተመልሷል።

ዲኮደርን በእውነት የሚያቃጥለው የገጠማ ስህተት ነው። በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከሞተሩ ካርቦኖች (ኤሌክትሪክ ወደሚሽከረከረው ክፍል ከሚያደርሱት ብሩሾች) አንዱ በብረት አካሉ በኩል ከሐዲዱ ጋር ይገናኛል። ይህ ሳይቋረጥ ዲኮደር ከተገጠመ የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በሞተር መውጫው በኩል ይገባበታል። ዲኮደሩን ከማገናኘትዎ በፊት መልቲሜትር ይዘው ሁለቱንም ካርቦኖች ከእያንዳንዱ መንኮራኩርና ከብረት አካሉ ጋር ይፈትሹ፤ የትም ቦታ መገናኘት የለባቸውም። አዲስ የተገጠመ ሎኮሞቲቭም መጀመሪያ የሚቀመጠው በዋናው ሐዲድ ላይ ሳይሆን በፕሮግራም ሐዲዱ ላይ ይሁን፤ እዚያ ያለው ኃይል የተገደበ ስለሆነ የሽቦ ስህተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው።