ደብረ ብርሃን ላይ ሕንፃ ጨርሰው የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚያጡ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ካገኘች ወዲህ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከአዲስ አበባም ጥሪቱን ይዞ ፎቅ ሊሠራ የሚመጣው በዝቷል። ሕንፃው ያልቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ መስታወቱ ይገጠማል። የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ማለትም ባለቀው ሕንፃ መገልገል ይቻላል የሚለው ወረቀት፣ ሲጠየቅ ግን ፋይሉ ከጠረጴዛው አይነሣም። ባለቤቱ ፈቃዱን በሚሰጠው የከተማው ባለሥልጣን፣ በሕንፃ ሹሙ፣ ያመርራል። እኔ እስከማየው ድረስ አብዛኛው ፈቃድ የሚታጣው ማመልከቻው ከመጻፉ ከብዙ ወራት በፊት፣ ገና ሲሚንቶ እየተቦካ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን፣ ከፍታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጡትንም በምድብ «ሐ» አስቀመጣቸው። በዚያ አዋጅ ፈቃዱ ጠበቅ ብሎ የተጠየቀውም ከእነዚህ ነው። ጂ ፕላስ አራት የሠራ ሰው «የግል ቤቴ ነው» ቢል 12 ሜትሩን አያመልጥም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ከጸደቀው ፕላን መውጣት ነው። በረንዳው በግማሽ ሜትር ወደ መንገድ ይገፋል። ከጎረቤት አጥር ሊራቅ የሚገባው ክፍት ቦታ በቆርቆሮ ይሸፈንና መጋዘን ይሆናል። በፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ የተባለው ምድር ቤት ግድግዳ እየገባበት ሱቅ ይሆናል፤ ኪራዩ ያጓጓላ! ሥራ ተቋራጩም «ግድ የለም ጋሼ፣ ኋላ እናስተካክለዋለን» ይላል። ኋላ ግን ሜትር የያዘው ተቆጣጣሪ ከኋላ ግድግዳ እስከ አጥሩ ይለካል፤ ቁጥሩ ከፕላኑ ጋር ካልገጠመ ይጽፋል። ለውጥ የግድ ካስፈለገ የተሻሻለው ፕላን መጽደቅ ያለበት ግድግዳው ከመሠራቱ በፊት ነው። የተገነባን ነገር በወረቀት ማስታረቅ አንዳንዴ ይሳካል፤ ክፍት ቦታ የበላ ግንባታ ሲሆን ግን መፍረስ ይከተላል።

ሦስተኛው፣ የሚቀበረውን ሳያሳዩ መቅበር። የመሠረት ቁፋሮና የተዘረጋ ብረት አርማታ ከፈሰሰበት በኋላ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው በየደረጃው ተጠርቶ አይቶ መፈረም አለበት። እኛ አገር ይህ ከወትሮው የበለጠ ዋጋ አለው። በአካባቢው ብዙ ቦታ መረሬ አፈር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የአፈር ምርመራ ውጤት የሌለው ፋይል ጥያቄ ቢያስነሣ አይገርምም። ውርጩም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አመሻሽ ላይ የፈሰሰ አርማታ ሳይጠነክር ብርድ ከመታው ጉልበቱን ያጣል። ጠዋት ማፍሰስ፣ ማታ በፕላስቲክና በጭድ መሸፈን የሚያውቁ ግንበኞች አሉ፤ እነሱን ይያዙ። ከእያንዳንዱ ሙሌት የተወሰደው ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ሲለካ የተሰጠውን ወረቀት ደግሞ ራስዎ ቤት ያስቀምጡ። በተቋራጩ መኪና ውስጥ የቀረ ወረቀት ወረቀት አይባልም።

ከተቋራጩና ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር ተጣልቶ መለያየትም ፈቃድ ያስቀራል። ሥራው በፕላኑ መሠረት መጠናቀቁን በፊርማና በማኅተም የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው፤ የመጨረሻው ክፍያ ላይ የተኳረፈ ባለሙያ ደግሞ ስልክ አያነሣም። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ማረጋገጫ ጋር የሚለዋወጥ መሆኑን ገና ሲዋዋሉ ይጻፉት።

ሌላው የጤናና የደኅንነት ጉዳዮችን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። የ2001ዱ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። መግቢያው ላይ ደረጃው ከተሠራ በኋላ የሚጨመረው ተዳፋት ግን ብዙ ጊዜ ቁልቁል ነው፤ ከላዩ የሚያዳልጥ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። እንኳን በወንበር፣ በእግርም በክረምት አይወጣም። ከፍታውን በአሥራ ሁለት አባዝተው ርዝመቱን ቢያወጡ ይበቃል፤ 50 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 6 ሜትር መሆኑ ነው። ቦታው ከመጀመሪያው ካልታሰበ ከየት ይመጣል? የእሳት አደጋ መውጫውን ቆልፎ ዕቃ ማስቀመጫ ማድረግ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን መምጠጫ መኪና በማይደርስበት ጥግ መቅበር፤ እነዚህም ያው ናቸው።

ፈቃዱ ሳይመጣ ተከራይ ማስገባት ፈተናው ከባድ ነው፤ የባንክ ብድር ወለዱ አይተኛምና። ነገር ግን የገባ ተከራይ ኮርኒስ ያወርዳል፣ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ተቆጣጣሪው የሚያየውም ያንን ነው። ከፊሉ ያለቀለት ሕንፃ ከሆነ ያለቀው ክፍል ብቻ ይፈቀድልኝ ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

መብራትና ውኃ መግባቱን እንደ ፈቃድ የሚቆጥሩም አሉ። አይደለም።

የይዞታ ማረጋገጫውን አለማየትም ያስጠይቃል። ካርታው መኖሪያ እያለ ሆቴል የሠራ ሰው መጀመሪያ የአገልግሎት ለውጡን ይጨርስ። ካርታው በሟች አባት ስም ካለ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጥቶ ስሙ ይዛወር፤ ይህ ወንድምና እህት ከተስማሙ ቀላል ነው፣ ካልተስማሙ ሕንፃው አልቆ ዓመት ሊያልፈው ይችላል።

ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን አማላጅ ፍለጋ መሮጥ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት የጎደለው ሁሉ ተዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ጉድለት በሚቀጥለው ጉብኝት ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዝርዝሩን ለአማካሪው ያሳዩ፣ የተስተካከለውን ፎቶ አንሥተው ከዝርዝሩ ጋር ያያይዙና ዳግም ጉብኝት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የደብዳቤውን ቅጂም የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ሳያስደርጉበት ከቢሮው አይውጡ።