ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት

እንቁላል አልፈለፈል ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው የመፈልፈያ ማሽኑ ነው፤ ቀጥሎ አውራው ዶሮ። እኔ ግን የምጠይቀው እንቁላሉ ማሽን ከመግባቱ በፊት የት ከረመ ብዬ ነው።

በ7ኛው ቀን በብርሃን ሲታይ ባዶ ከሆነ

አንዱን ስበሩትና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ እዩ። ትንሽና ድፍን ከሆነች እንቁላሉ ዘር የለውም፤ ጥፋቱ የአውራው ሊሆን ይችላል። ሰፋ ብላ ቀለበት ከሠራች ግን ሽል ነበረው፣ በእንጭጩ ተቀጭቷል።

ብዙ ጊዜ ጣጣው የማስቀመጫው ሙቀት ነው። ሽሉ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ በታች ያንቀላፋል። ክፍሉ 25 ወይም 26 ሲደርስ ግማሽ ይነቃል፤ በወጉ አያድግ፣ በወጉ አይተኛ፣ እንዲሁ ይደክማል። ፍሪጅ ደግሞ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ አስቀምጡና በ7 ቀን ውስጥ ማሽን አስገቡ። "ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው" አትበሉኝ። ቴርሞሜትር እንቁላሉ አጠገብ አድርጉና ከሰዓት በኋላ እዩት።

እንቁላሉ ማሽን ውስጥ ከገማ ወይም ከፈነዳ

ከቀዝቃዛ ቦታ አውጥታችሁ ቀጥታ 37.5 ዲግሪ ውስጥ ከተታችሁት? ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው እንቁላሉም ያልበዋል። እርጥብ ቅርፊት ላይ ያለ ባክቴሪያ በቀዳዳዎቹ ሰተት ብሎ ይገባል። ድንገተኛው ሙቀት የደከመውን ሽልም ይጎዳል።

ከማስገባታችሁ በፊት ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ለ6–12 ሰዓታት ያህል አቆዩት። ማታ አውጥቶ ጠዋት ማስገባት ይበቃል። እንቁላሎቹን አትከምሯቸው፣ አየር በመሃላቸው ይለፍ። ካላባቸውም በጨርቅ አትጥረጉ፤ በማራገቢያ ይድረቁ።

ጫጩቶቹ ተንጠባጥበው ከወጡ

ብዙ ጊዜ የቆየና ትኩስ እንቁላል አንድ ላይ ገብቷል ማለት ነው። አንድ ቀን የቆየ እንቁላል በግምት አንድ ሰዓት ይዘገያል። የ10 ቀኑ ከ2 ቀኑ 8 ሰዓት ያህል ወደኋላ ይቀራል። ቀድሞ የወጣው ጫጩት ውሃ ጠምቶት ይጠብቃል፤ የዘገየው ደግሞ ማሽኑ ሲከፈት ገና ቅርፊቱን እየሰበረ ነው። ቀኑን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ጻፉ፣ የቆየውን በዚያው ልክ ቀድማችሁ አስገቡ።

ከ7 ቀን በላይ የግድ ማቆየት ካለባችሁ ሙቀቱን ወደ 12–15 ዲግሪ አውርዱ፣ እርጥበቱን 75 በመቶ አካባቢ ያዙ፣ በየቀኑ አገላብጡ። እንዲያም ሆኖ የሚፈለፈለው መጠን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል።