አዲስ አዋጅ ወጣ ሲባል መጀመሪያ ጽሑፉን ያዙ

ጎንደር አራዳ ገበያ የባልትና ሱቅ አለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ገበያውን አንድ ወሬ ሞላው፦ «ደረጃ ሐ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ሁላችንም ሀ ነን።» ሀ፣ ለ፣ ሐ የግብር ከፋይ ደረጃዎች ናቸው፤ ሀ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ የሚይዘው ትልቁ፣ ሐ ትንሹ ነጋዴ ነበር። እኔ ደንግጬ በዚያው ሳምንት ለሂሳብ ሠራተኛ ቀብድ ከፈልኩ። ጎረቤቴ ንግድ ፈቃዷን መለሰች። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ሱቅ!

አዋጁን፣ ቁጥር 1395/2017ን፣ በዓይኔ ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐ መቅረቱ እውነት ነው። ግን የዓመት ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ነው ይላል። እኔም እሷም «ለ» ነበርን። ቀብዴ ቀልጦ ቀረ። እሱስ ይሁን፤ የእሷ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወሬ ስትሰሙ አትግዙ፣ አትሽጡ፣ ፈቃድም አትመልሱ። መጀመሪያ «የወጣው አዋጅ ነው፣ ደንብ ነው፣ ወይስ መመሪያ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የመንግሥት ካቢኔ፣ መመሪያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ቁጥሩንም ያዙ። ቁጥር የሌለው ነገር ገና ረቂቅ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ቢለያይ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ግለሰብ ነጋዴ ግብሩን የሚከፍለው ለክልል ስለሆነ ግን ነጋሪት ጋዜጣ ብቻውን አይበቃም። የክልላችንን፣ የአማራን፣ «ዝክረ ሕግ» ጋዜጣም ፈልጉ።

ጽሑፉ እጃችሁ ሲገባ ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ። «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ»፣ «ስለ ቅጣት»፣ «አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ» የሚሉት እዚያ ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና ጥፋቱ ምን እንደሚያስከትል እነዚያ አንቀጾች ይነግሯችኋል። ቀጥሎ ወደ ፊት ተመልሳችሁ «ትርጓሜ» የሚለውን እዩ። ሕጉ እናንተን ይነካ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ሕግ አንብቦ የማያውቅ ሰውም ይችለዋል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ቡና አፍልቼ ከልጄ ጋር በሁለት ማታ ጨርሰነዋል።

ያልገባችሁን በቃል አትጠይቁ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ በቃል «ችግር የለውም፣ ሂጂ» ያለኝ ሰው በሦስተኛው ወር ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። በእሱ ወንበር የተቀመጠው ደግሞ «ማን አለሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን በማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፌ እሄዳለሁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባለሁ፤ ሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጌ ፋይሌ ውስጥ አኖረዋለሁ። መልስ ቢዘገይ እንኳ መጠየቄን የሚያሳይ ወረቀት አለኝ። የግብር ውሳኔ ሲደርሳችሁም የደረሳችሁበትን ቀን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ እውነታችሁን የሚሰማ አታገኙም።

በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲመጣ ግን ተረጋግቼ ነበር። ፌስታል ላይ ገደብ ሲጣል የመጀመሪያው አልነበረም። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። የ2017ቱ ግን ጠንከር ያለ ነው። እንደሰማሁ ያለኝን ፌስታል አልጣልኩም፤ አዲስ መግዛት ብቻ አቆምኩ። ከአምስት ባለሱቆች ጋር ተነጋገርንና እዚሁ ገበያ ከሚሰፋ ልብስ ሰፊ የአቡጀዲ ከረጢት አብረን አሰፋን። ለብቻዬ ባሰፋ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ለጥቁር አዝሙድና ለኮረሪማ ወፍራም ወረቀት ይበቃል። በርበሬ ግን ወረቀቱን ያልፋል፤ እሱን ደንበኛው ክዳን ባለው ዕቃ እንዲወስድ እመክራለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ደንበኛን ማስለመድ ነው። በጥምቀት ሰሞን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ለእሱ ከረጢቱን በተሰፋበት ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ አላተርፍበትም። ለሠፈር ሰው ደግሞ በሩ ላይ አራት ዘንቢል ሰቅያለሁ። ይወስዳሉ፣ በማግስቱ ይመልሳሉ። እስካሁን የጠፋው አንድ ብቻ ነው።