ቤት ሲገዙ አቅምን ያገናዘበ ጠበቃ ስለማግኘት

ፍለጋው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጀመር፤ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚቀጠር ጠበቃ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ጥቂት ነውና። በቅርቡ ቤት የገዙ ዘመዶችንና ባልደረቦችን ይጠይቁ። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመዎትን ጠበቃ ግን ጥቅሙ ከማን ጋር እንደተሳሰረ ሳያጣሩ አይቀበሉ።

ቢያንስ 3 ጠበቆችን አነጋግረው ክፍያቸውን ያነጻጽሩ። የቤት ግዢ ሥራ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት በሰዓት ከሚታሰብ ክፍያ ይልቅ ቁርጥ ዋጋ መጠየቅ ይሻላል። ይሁን እንጂ ዋጋው የባለቤትነት ሰነዱን ማጣራትን፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን መመርመርን፣ ውሉን ማዘጋጀትንና ስም እስኪዛወር ድረስ መከታተልን ማካተቱ በጽሑፍ ይስፈር፤ ርካሽ መስሎ የታየ ዋጋ ኋላ የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ተነጥሎ ሲቀር ነው። የመንግሥት የምዝገባ ክፍያዎችም ለብቻቸው ይጠየቁ።

ሰነዶቹን ራስዎ ሰብስበው፣ ጥያቄዎችዎንም ጽፈው ቢቀርቡ የጠበቃው ጊዜ፣ የእርስዎም ወጪ ይቀንሳል። አቅምዎ እጅግ ውስን ከሆነ፣ ጠበቃው የተዘጋጀውን ውል መርምሮ አስተያየት እንዲሰጥ ብቻ መቅጠር ይቻላል። በመጨረሻም፣ የጥብቅና ፈቃዱ የጸና መሆኑን ከፈቃድ ሰጪው አካል ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።