የመድኃኒት መጠን ማስሊያ መተግበሪያን ለአምቡላንስ ሥራ ማዘጋጀት
የመተግበሪያውን ሙሉ ይዘት አውርዱና ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። ያለ ኔትወርክ ካልሠራ ለአምቡላንስ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

ቀጥሎ መተግበሪያው ክብደትን በምን እንደሚለካ (በኪሎ ግራም ወይስ በፓውንድ) እዩ። ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። በፓውንድ ላይ ሆኖ ለ20 ኪሎ ልጅ «20» ብትጽፉ፣ 9 ኪሎ አድርጎ ይወስደውና መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ኪሎ ግራም ላይ አድርጉትና በምታውቁት ስሌት ፈትኑት፦ ከባድ አለርጂ ለያዘው የ20 ኪሎ ልጅ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው ብልቃጥ 0.2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ሌላ ቁጥር ካወጣ አትጠቀሙበት።

የደረት ግፊት ምት ቆጣሪ (ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱ ሲጫን ፍጥነቱን በድምፅ የሚመራ) ካለው በደቂቃ 110 ላይ ሙሉት። ከተቋማችሁ የሕክምና መመሪያ ጋር ከተጋጨ ግን መመሪያውን ተከተሉ።